ሰባ ዘጠኝ ብጣሽ ወረቀት

ሜይ 7፣ ማክሰኞ

ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ጀመረ። ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ ዣንጥላ መጣልኝ። ሰባቱ ሽቦ የተሰበረባቸው፣ ሦስቱ ጨርቃቸው የተቀደደ፣ አንዱ ምንም ያልሆነ። እሱ የወይዘሮዋ፣ የፒ ኩሚ ነው። "አልከፈት አለኝ" ብላ ሰጠችኝ። ከፈትኩት።

"እንዴት ከፈትከው?"

"ጸለይኩበት።"

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ሄደች። የሴቶች ማኅበር መሪ ናት። በጸሎት ቀለደ ብላ ለፓስተሩ ካልነገረችብኝ...

እሑድ የሽማግሌ ምርጫ ነው። ሽማግሌያችን ኡፓ ሊያና ካረፉ ስምንት ወር ሆነ። ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው በሚቀመጡት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ቦታቸው እስካሁን ባዶ ነው። በሱቄ በር የሚያልፈው ሁሉ "ዘንድሮ ተራው ያንተ ነው፣ ፑ ዞኩማ" ይለኛል። "እኔ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ሕዝቡን እያየሁ፣ ሳልስቅ?" እላለሁ። ይስቃሉ፣ ያልፋሉ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ቱአሚ ነጩን ሸሚዜን አጥባ ሰቅላዋለች። አላዘዝኳትም።

"ምነው?"

"ቆሽሾ ነዋ።"

አልቆሸሸም ነበር። ራት ልትሠራ ስትነሣ፣ እንደ ሁልጊዜው ከሩዙ ላይ ለቤተ ክርስቲያን የሚቀመጠውን እፍኝ ዘገነች። የዛሬው እፍኝ ከወትሮው የሞላ መሰለኝ። ወይስ እኔ ነኝ እንደዚያ ማየት የፈለግሁት?

ሜይ 11፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ስለዚህ ልጻፈው። እፈልገዋለሁ። ያንን ቦታ እፈልገዋለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለቀምኩት ከመዝሙር መጽሐፍ፣ ሥራ የለመድኩት ሰው ከጣለው ዣንጥላ ነው። ከስሜ በፊት እንደማንኛውም ወንድ "ፑ" ሳይሆን የሽማግሌው "ኡፓ" ሲባል መስማት... ግን ባልመረጥስ? ነጩን ሸሚዝ ለብሼ፣ ሚስቴ እያየችኝ፣ ስሜ አራት ጊዜ ብቻ ቢነበብስ?

ከሰዓት በኋላ ከመዘምራኑ ወንዶች ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። የእህቴ ልጅ ሳንጋ የሚያኝከውን ኩቫ በጉንጩ ወትፎ ጀመረኝ።

"አጎቴ፣ ነገ ስምህን በነጻ ልጻፍልህ ወይስ የቤታችንን ዣንጥላ ሁሉ ታድስልኛለህ?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ፊቴ ጋለ። ያኔ አፌ ቀደመኝ።

"እኔን ተዉኝ። ደወሉን ጻፉት።"

ደወሉ ቻውንጋ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተሰቀለውን የጭነት መኪና ቸርኬ በብረት እየመታ የሚጠራን ሰው። ያንን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ውሻ እንኳ በዜማ በሚጮህበት በዚህ ተራራ ላይ መዘመር የማይችል ሰው ቢኖር እሱ አንድ ብቻ ነው። "እስቲ አስቡት፣ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ፣ አፉን ከፍቶ..." ብዬ ተነሣሁና ድምፁን አስመስዬ አሰማኋቸው። የሻይ ቤቱ ባለቤት ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"በቃ፣ ይጻፋል" አሉ። እኔን ጨምሮ ዘጠኝ ነበርን።

"ስሙ ማን ነበር ግን?" አለ ሳንጋ።

ለማንም ወዲያው አልመጣለትም። እኔ ራሴ ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ።

ሜይ 12፣ እሑድ

ምን አደረግሁ?

ፓስተር ሚንጋ እንደ ሁልጊዜው አስጠነቀቁ። "ዕጩ የለም። ቅስቀሳ የለም። ጸልዩና ጌታ በልባችሁ ያስቀመጠውን አንድ ስም ጻፉ። ከግማሽ በላይ ያገኘውን ጌታ ጠርቶታል ብለን እንቀበላለን።" ብጣሽ ወረቀቱ ታደለ። አንድ መቶ ሃምሳ ሰው። ሰባ ስድስት ድምፅ ያስፈልጋል።

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ "ቻውንጋ" ብዬ ጻፍኩ። መጨፈኔ ሳቄን ለመያዝ ነበር።

ፓስተሩ አንድ በአንድ ያነቡ ጀመር። "ዞኩማ።" "ዞኩማ።" "ቻውንጋ።" ከኋላችን አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ሳንጋ በክርኑ ጎሸመኝ። "ቻውንጋ።" "ዞኩማ።" "ቻውንጋ።" "ቻውንጋ።" ሃያ ሲሞላ ገና እየሳቅን ነበር። ሠላሳ ላይ ሳንጋ መጎሸሙን አቆመ። ሃምሳ ላይ ማንም አይስቅም።

ቻውንጋ ሰባ ዘጠኝ። እኔ አርባ አንድ። የቀረው እዚህም እዚያም።

እሱ ድምፁን ሰጥቶ ወጥቶ ነበር፣ የመዝጊያውን ደወል ሊመታ። ሰው ልከው አስገቡት። ብረቱን በእጁ እንደያዘ መጥቶ ፊት ቆመ። "ትቀበላለህ?" አሉት ፓስተሩ። ብረቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ፈለገ፣ አጣ፣ ብብቱ ውስጥ ያዘው።

"እሺ" አለ። ከዚያ አለቀሰ። ድምፅ ሳያሰማ፣ ዝናብ በፊቱ ላይ እንደሚወርድበት ሰው ዝም ብሎ ቆሞ።

ከሰባ ዘጠኝ ላይ ዘጠኝ ሲቀነስ ሰባ። ወደ ቤት ስወርድ መንገዱን ሙሉ ስቀንስ ነበር። በየትኛውም በኩል ብቀንሰው ሰባ ነው።

ሜይ 13

ቱአሚ ሸሚዙን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ መለሰችው።

"አንተ ማንን ጻፍክ?"

"ምስጢር ነው እኮ።"

"እኔ ያንተን ጻፍኩ" አለች።

ሜይ 16፣ ሐሙስ

ቻውንጋ ሱቄ መጣ። ያረጀ ጥቁር ዣንጥላ ይዞ፣ ግማሹ ሽቦ የለውም።

"ለሹመቱ ቀን እንዲደርስልኝ። ጁን 23 ነው አሉኝ።"

"ይሄ መጠገን ሳይሆን መቀበር ነው የሚያስፈልገው" አልኩት። ከልማዴ ነው። ከት ብሎ ሳቀ፤ በማንኛውም ቀልዴ ይስቃል፣ በራሱ ላይ ሲሆንም ጭምር። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር እንዴ?

ወጥቶ አልሄደም። በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ፑ ዞኩማ፣ አንተ ዜማ መሪ ነህ። ስንኙን ቀድመህ የምትጠራልን አንተ ነህ። አንድ መዝሙር ብቻ አስተምረኝ። ፊት ለፊት ተቀምጬ አፌን ዘግቼ እንዳልቀር።"

"እሺ።"

"እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር" አለ። "ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ስሜን የሚጠራኝ የለም። ያን ቀን ከደጅ ሆኜ ስሰማ... ቻውንጋ፣ ቻውንጋ፣ ቻውንጋ። መጀመሪያ ሌላ ቻውንጋ ያለ መስሎኝ ነበር።"

ሽቦ እያጠማዘዝኩ ነበር። ጣቴን ወጋሁት። ደሙን አይቶ "ቀስ" አለኝ።

ሜይ 18፣ ቅዳሜ

የመሪዎች ትምህርት ተጀመረ። ፓስተሩ የሚመጡት በየቅዳሜው የጋራ ጂፕ ነው፤ ዛሬ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። የየክፍሉ ኃላፊ ሁሉ ተገኝቷል። ፒ ኩሚ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ እኔ፣ አዲሱ ተመራጭም።

ጠረጴዛው ላይ ማገዶ የምንሸከምበትን ቅርጫት አስቀመጡ፣ በግንባር የሚያዘውን ማንገቻ ጨምሮ።

"ይህን የተሸከመ ሰው ምን ያያል?"

"መሬት" አለች ፒ ኩሚ።

"ሌላስ?"

"ከፊቱ የሚሄደውን ሰው ተረከዝ" አለ ቻውንጋ።

ፓስተሩ ወደዱት። "ሸክም ያለበት ሰው ሌላውን ከላይ ማየት አይችልም። አንገቱ አይፈቅድለትም። ሰውን ከላይ እያያችሁት ከሆነ ቅርጫቱን የሆነ ቦታ አስቀምጣችሁታል ማለት ነው።" ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። "መሪ መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ምግብ ሲቀርብ" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

ቻውንጋ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። "ቀድሞ" አለ። "ዝናብ ሲሆን... ቀድሞ።"

ፓስተሩ ሰሌዳው ላይ ጻፉት። የእኔን አልጻፉም።

ሜይ 25፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ሥልጣን ነበር። "አግዳሚ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ሥልጣን የለውም ትላላችሁ" አሉ ፓስተሩ። "እኔ ግን እንዲህ ነው የማውቀው፦ አንድ ሰው የተናገረው ነገር በሌላው ላይ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ፣ ያ ሰው ሥልጣን አለው። ወድዶም ሆነ ሳይወድ መሪ ነው። ወዴት እንደሚመራ ግን ይጠየቃል።"

እኔን አያውቁኝም። ከሌላ አውራጃ ነው የመጡት፣ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። ታዲያ ለምን እኔን ያዩኝ መሰለኝ?

ከዚያ የቡድን ውይይት ሆነ። ፒ ኩሚ ከልማድ "በሉ፣ ደወሉ ይጀምር" አለችና አፏን በእጇ ሸፈነች። "ኡፓ... ይቅርታ፣ ገና አልተሾምክም፣ እ..."

"ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ" አላት።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ነው የለመደው። የለመደ ሰው አይከፋውም ብዬ ነበር። ጠይቄው ግን አላውቅም።

ሜይ 29

ሻይ ቤት ስገባ "ያንተ ኡፓ እንዴት ነው?" አሉኝ። "የዞኩማ ኡፓ" ብለው ይጠሩት ጀምረዋል፣ በሹክሹክታ። ይሄንን እኔ አላወጣሁም። ራሱ ነው የበቀለው።

ሳንጋን ወደ ጥግ ወስጄ "በሉ ተዉት፣ ይሰማል" አልኩት።

"ምን አገባን? አንተ አይደለህ እንዴ ያመጣኸው?"

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ጁን 4፣ ማክሰኞ

የላይኛው መንደር አሮጊት ፒ ዛዊ ጠዋት አረፈች። ዝናቡ መንገዱን ወስዶታል። አካፋ ይዤ መቃብሩ ቦታ ስደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ቻውንጋ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ከጎኑ የሳር ክዳን አቁሞ ውኃ እንዳይገባ አድርጓል። ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ማንም አላየውም። ሁልጊዜም ማንም አያየውም፤ ስንደርስ ሁልጊዜ እዚያ ነው። ይህን እስከ ዛሬ እንዴት ሳላስተውለው ቀረሁ?

ጎኑ ወርጄ ቆፈርኩ። ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል። መንገር ነበረብኝ። አፌን ስከፍት ዝቅ ባለ ድምፅ መዝሙሯን ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ያስተማርኩትን። የመጀመሪያው ስንኝ ደህና ነው፣ ሁለተኛው ላይ ገደል ይገባል።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"እየተሻሻለ ነው" አልኩት። ይህም ውሸት ነው።

ጁን 8፣ ቅዳሜ

ትምህርቱ ሲያልቅ ቀረሁ። ለፓስተሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሻይ ቤቱን፣ ዘጠኙን፣ ሰባውን። ብርጭቆአቸውን ሳያነሡ ሰሙኝ።

"ለእሱ ነግረውታል?"

"ልቡ ይሰበራል ፓስተር።"

"የማን? የእሱ ወይስ የእርስዎ?"

ለኔ መልስ ማጣት አዲስ ነገር ነው።

"ምርጫውን እኔ ማፍረስ እችላለሁ" አሉ። "ደብዳቤ ጽፌ፣ በሁለት መስመር። ግን ያኔ እርስዎ የሠሩትን እኔ ጨረስኩት ማለት ነው፣ እሱም ከወረቀት ያነበዋል። ሰው ስሕተቱን የሚያራግፍበት ትከሻ አያጣም፤ የእኔን ግን አልሰጥዎትም። መጀመሪያ እሱ ይስማ፣ ከእርስዎ አፍ።"

እንባዬ መጣ። እጄን አልጨበጡኝም። ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው "ቀዝቅዟል፣ ግን ይጠጡት" አሉ።

ጁን 10

አልነገርኩትም።

ጁን 12

ዛሬም። እሱ ቤት በር ድረስ ሄጄ "ዣንጥላህ ሊደርስ ነው" ብዬው ተመለስኩ። ሽቦዎቹን ሁሉ ቀይሬለታለሁ። አንድ ሰው ስንት ሽቦ ቢቀይር...

ጁን 14፣ ዓርብ

ነገርኩት።

የዓርብ ጸሎት ሊጠራ ቸርኬው ሥር ቆሞ ነበር። አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።

"ቻውንጋ፣ የምነግርህ ነገር አለ።"

"መዝሙሩ ከሆነ ተለማምጃለሁ።"

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፣ ፊቱን ሳላይ። ጨርሼ ቀና ስል በጥፍሩ የቸርኬውን ዝገት ይፍቅ ነበር።

"ዘጠኝ?"

"ዘጠኝ።"

"አንተም?"

"ሐሳቡ የኔ ነው።"

"ሰባ ይቀራል" አለ።

"ሰባ ብዙ ሰው ነው፣ ቻውንጋ። ሰባው ከልባቸው ነው የጻፉህ።"

"የሚያስፈልገው ሰባ ስድስት ነው።"

ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። በብረቱ ቢመታኝ እንኳ። "ስሜን ግን በትክክል ነው የጻፋችሁት?" አለኝ።

"አዎ።"

"ጥሩ።"

ሰዓቱን አየ። ደረሰ። ብረቱን አንሥቶ ቸርኬውን መታ፣ እንደ ሁልጊዜው ሃያ ጊዜ። አንዱንም አላጎደለ። ሴቶቹ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ሽቅብ ይመጡ ጀመር። እኔ ቁልቁል ወረድኩ።

ጁን 16፣ እሑድ

በጠዋቱ አምልኮ፣ ከማስታወቂያው በፊት፣ ቻውንጋ ከኋላ አግዳሚ ተነሣ።

"ከእነዚያ ወረቀቶች ውስጥ ዘጠኙ ሳይጸለይባቸው ተጽፈዋል" አለ። "እነማን ናቸው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። ሰባ ድምፅ ለሽማግሌነት አይበቃም። እንደገና ይጻፍ።" ከዚያ ተቀመጠ። ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ሁሉም ዙሪያውን አየ። እኔ ፊት ለፊቴን አየሁ። ሳንጋ ጫማውን ያያል። ያኔ መነሣት ነበረብኝ። ሁለት እግር አለኝ። አልተነሣሁም። ይጻፍ፦ አልተነሣሁም። ቱአሚ ወደ ቻውንጋ አልዞረችም፣ ወደ ፓስተሩም አልዞረችም። እጆቼን ነበር የምታየው።

ምሳ ላይ ሩዙንና የቀርከሃውን ቡቃያ አቀረበች። አልተናገረችም።

ከሰዓት አምልኮ ላይ ከበሮው ተመታ። ስንኙን መጥራት የኔ ሥራ ነው። ቆምኩ። ሁሉም አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። አልወጣልኝም። ከበሮው ሁለተኛ ዞረ፣ ሦስተኛ ዞረ፣ ቆመ።

"ከዘጠኙ አንዱ እኔ ነኝ" አልኩ። "ሌሎቹን ያሳሳትኩትም እኔ ነኝ።"

ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው። ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሳቁ ከፊት እየሞተ ወደ ኋላ ሄደ። የቀረውን ነገርኳቸው፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ መሆኔን፣ በሻይ ቤቱ ድምፁን ማስመሰሌን። ወንበሩን ራሴ ስለፈለግሁት እንደቀለድኩ ግን አልተናገርኩም። እዚያ ጋ ስደርስ ዘለልኩት።

ስንወጣ ሰው ተሰለፈልኝ። እጄን ጨበጡኝ። "ደፋር ሰው ነህ።" "እንዳንተ ያለ ነው የሚያስፈልገን።" ፒ ኩሚ በሁለት እጇ ያዘችኝ። በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁ። ቻውንጋ ቸርኬው ሥር ብረቱን በጨርቅ ይጠርጋል። አጠገቡ ማንም አልነበረም።

ጁን 17

ቱአሚ ተናገረች።

"እንደምትፈልገው ለምን አልነገርከኝም?"

"ምኑን?"

አየችኝ። ለሃያ ስድስት ዓመት ያወቀችኝ ሴት።

"ብትነግረኝ ኖሮ" አለች፣ "ሸሚዙን ቆሸሸ ብዬ አልዋሽም ነበር። ሁለታችንም ቁጭ ብለን እንፈራ ነበር።"

ጁን 23፣ እሑድ

የሹመት ቀን መሆን ነበረበት። ብጣሽ ወረቀት ታደለ።

ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን የምር ነበር። ቻውንጋ ብዬ ጻፍኩ።

"ዞኩማ" አሉ ፓስተሩ። "ዞኩማ።" "ዞኩማ።" "ቻውንጋ።" "ዞኩማ።"

አልገባኝም ነበር መጀመሪያ። ከዚያ ገባኝ። የተናዘዘውን ሰው ወደዱት። ቀልደኛ ቀልዱን ሲተው ማየት ሰውን ሳይነካው አይቀርም። የተሳቀበትን ሰው ግን ረሱት፤ ለሁለተኛ ጊዜ።

አሁን ደግሞ እዚህ ብቻ የምጽፈውን ልጻፍ። ደስ አለኝ። አርባ ሲሞላ፣ ሃምሳ ሲሞላ፣ "ኡፓ ዞኩማ" ሲል አንድ ድምፅ ውስጤ ሰማሁ፣ ደስ አለኝ። ቱአሚ ነጩን ሸሚዝ አላወጣችልኝም ነበርና ይህንን ቡናማ ለምን ለበስኩ ብዬ አሰብኩ። በዚያች ሰዓት። ሰባ ስድስትን ሲያልፍ ቻውንጋ ብረቱን ይዞ ቀስ ብሎ ሲወጣ ከጀርባው አየሁት። ያኔ ነው ደስታው የኮመጠጠው።

እኔ ሰማንያ ስምንት። እሱ ሠላሳ አንድ።

"ትቀበላለህ?" በሕዝብ ፊት እንዲህ በ"አንተ" ነው የሚጠየቀው።

"አልቀበልም።"

ሳቁ። በጌታ ስም፣ ሳቁ። ፓስተሩም ፈገግ ሊሉ ነበር።

"አልቀበልም" አልኩ እንደገና። "እንደሱ ነው" አለ ከኋላ አንዱ፣ ሌሎቹ ባሰባቸው። ሰውን ሃምሳ ዓመት ሲያስቁ ኖረው አንድ ቀን የምር ሲናገሩ የሚያምን ማግኘት ከባድ ነው።

ሦስተኛውን ስል ድምፄ ተሰበረ፣ ያኔ ዝም አሉ።

"ምክንያቱን ይንገሩን" አሉ ፓስተሩ።

"እኔ እዚያ ብቀመጥ፣ የሳቅሁበት ሰው ደጅ ቆሞ፣ እኔ ፊት ለፊት... ቀልዱ አላለቀም ማለት ነው። በዚያ ላይ ወንበሩን እፈልገዋለሁ። ያን ቀን የቀለድኩትም እንዳታውቁብኝ ነው።"

ተቀመጥኩ። ፓስተሩ ቦታው እስከሚቀጥለው ዓመት ባዶ ይቆያል ብለው ጸለዩ። ደወሉ ተመታ። ሃያ።

ስንወጣ ማንም አልተሰለፈልኝም። ሳንጋ ብቻ ከአጠገቤ እየሄደ "ዛሬ የሱን ስም ነው የጻፍኩት፣ አጎቴ" አለ። "ጸልዬ።" ኩቫ አልያዘም ነበር።

ጁን 30፣ እሑድ

አግዳሚው ላይ ያ ባዶ ቦታ ልክ ከፊቴ ነው። ስንኝ ስጠራ እሱን እያየሁ ነው የምጠራው። ቻውንጋ ከኋላ ይዘምራል። መዝሙሯ ስትመጣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ አሁንም ገደል ይገባል። አንድ ሰው ሳቀ። ዞሬ አየሁት። አቆመ።

ዣንጥላውን ሊወስድ አልመጣም። ሱቁ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ልወስድለት አሰብኩ፤ ከዚያ ተውኩት። ሲፈልግ ይምጣ። ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ፣ "ሰምቻለሁ" ብሎኛል፤ ከዚህ በላይ አላለኝም። ማስቸኮል የእኔ ፋንታ አይደለም።

ጁላይ 4

የታችኛው መንደር ሰውዬ ሞተ። አካፋዬን ከበሩ ጎን አስቀምጬ ነበር ያደርኩት። ስደርስ ቻውንጋ እስከ ጉልበቱ ነው። ቀና ሳይል ሰላም አለኝ። ወርጄ ከጎኑ ቆፈርኩ።

ጁላይ 11፣ ሐሙስ

ዛሬ የሻይ ቤቱ ባለቤት አባት አረፉ። ሊነጋጋ ሲል ለቅሶውን ሰማሁ። ቱአሚ ሳትጠየቅ አካፋውን አቀበለችኝ። ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርዳል። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ዳገት። ዛሬስ እቀድመዋለሁ ብዬ። መቃብሩ ቦታ ስደርስ ማንም አይታይም። ደስ አለኝ። ትንሽ ቀረብ ስል ከመሬት ሥር አንድ አካፋ ጭቃ ተወርውሮ ወጣ፣ ጫማዬ ላይ ወደቀ።

ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ቻውንጋ ቀና አለ። ዝናቡ በፊቱ ይወርዳል።

"ሁለተኛ" አለኝ።

ወርጄ ጎኑ ቆምኩ። ቆፈርን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳንጋና ሌሎቹ መጡ። ሳንጋ ከላይ ሆኖ አጎንብሶ "አጎቴ? በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለ።

"አጎትህ ስሙ ተቀይሯል" አለው ቻውንጋ፣ አካፋውን ሳያቆም። "ሁለተኛው ነው የሚባለው።"

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ቻውንጋ ሲቀልድ ሰምቶ የሚያውቅ ስለሌለ፣ መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ አላወቁም። ከዚያ ሳንጋ ጀመረ። እኔም ሳቅሁ። ቻውንጋ አልሳቀም፤ ግን አየኝ። ከጁን 14 ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው።

"ዣንጥላዬስ?" አለኝ።

"ደርሷል። ሽቦው በሙሉ አዲስ ነው።"

"ቅዳሜ እመጣለሁ።"

"እሺ፣ ቻውንጋ።"

ከቀብር ስመለስ ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ "ሁለተኛው" ብለው ጠሩኝ። ድልድዩ ጋ ፒ ኩሚ "ደህና ዋልክ፣ ሁለተኛው" አለችኝ። ቤቴ ስደርስ ቱአሚ በር ላይ ቆማ ጭቃዬን ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ሁለተኛው መጣ" አለች። እሷ ጋ እንዴት ቀድሞኝ ደረሰ? ቅጽል ስም እንዲህ ነው ለካ የሚሮጠው። "ደወሉ"ም እንዲህ ሮጦ ነው እሱ ቤት የገባው፤ ሚስቱ ያኔ በሕይወት ነበረች።

ይህኛው ስንት ዓመት ይጣበቅብኝ ይሆን? አሥራ አምስት ቢሆን አልቃወምም።